የድሮ ፕሮግራም በአዲስ ሲስተም ላይ ለምን እምቢ ይላል?

ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። ፍጥነቱ ከድሮው ጋር አይወዳደርም፤ ሚሞሪውም ተትረፍርፏል። ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው የሒሳብ ፕሮግራም ግን ሲከፈት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ወይም «ይህ አፕ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ አይችልም» የሚል መልእክት ይመጣና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ሰሞኑን ይህ የብዙ ሰው ጣጣ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) አፕል በበኩሉ ማክኦኤስ 26 በኢንቴል ፕሮሰሰር ለሚሠሩ ማኮች የመጨረሻው እንደሚሆን በዚያው ዓመት ጁን ላይ አስታውቋል። በሁለቱም በኩል ሰው ወደ አዲሱ እየተገፋ ነው። ሲሻገር ደግሞ የድሮ ፕሮግራሞቹን ተሸክሞ ነው።

ፕሮግራሙ እምቢ ሲል ሁሉም የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ «አርጅቶ ነው»። ይሄ ምንም አያስረዳም። ሶፍትዌር አይዝግም፣ ብል አይበላውም። በ1998 የተሠራ ፋይል በደንብ ከተቀመጠ ዛሬም አንድ ቢት ሳይጎድልበት ያው ነው። የተቀየረው ፕሮግራሙ የተደገፈበት ነገር ነው። ድጋፉ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ፕሮሰሰሩ አለ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ፣ መሣሪያን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር አለ፣ አንዳንዴም ላይሰንሱን የሚያረጋግጥ ሩቅ ቦታ ያለ ሰርቨር አለ። የትኛው እንደከዳው ሳይታወቅ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ በጭፍን መነካካት ነው።

አንድ ምሳሌ በደንብ እንይ። «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ» የተባለው ጌም ለኮምፒውተር የወጣው በ2005 ነው። ጌሙ ውስጥ ስኪመር የምትባል፣ ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን አለች። ለዊንዶውስ 11 የወጣውን 24ኤች2 የተባለ ማሻሻያ የጫኑ ተጫዋቾች አውሮፕላኗ ድራሿ መጥፋቱን አስተዋሉ። በዘዴ በግድ ሲያመጧት ደግሞ ተጫዋቹን ይዛ ወደ ሰማይ ትስፈነጠራለች፤ መመለስ የለም። ማንም ሰው ይህን ቢያይ የሚለው የታወቀ ነው፦ ዊንዶውስ ጌሙን አበላሸው።

በ2025 የጌሙን ስህተቶች በመጠገን የሚታወቅ አንድ ፕሮግራመር ነገሩን እስከ ሥሩ ቆፈረው። ጌሙ ሲነሳ የመኪናዎቹን፣ የጀልባዎቹንና የአውሮፕላኖቹን መረጃ ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ መስመር በመስመር ያነባል። ከሚያነባቸው ቁጥሮች መካከል የጎማ መጠን የሚገልጹ አሉ። በስኪመር መስመር ላይ እነዚህ ቁጥሮች የሉም። በቀደመው የጌሙ ክፍል ስኪመር የተመዘገበችው እንደ ጀልባ ነበር፤ ጀልባ ደግሞ ጎማ የለውም። በኋላ ወደ አውሮፕላን ስትዛወር የጎደለውን የሞላላት ሰው አልነበረም።

ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዴት ሠራች? ኮዱ ቁጥሩን ሲያጣው በባዶው ቦታ ምን እንደሚያስቀምጥ አልተነገረውም። ስለዚህ ከእሷ በፊት የተነበበው መኪና ጊዜያዊ ሚሞሪው ላይ ትቶት የሄደውን ቁጥር እንዳለ ይወስድ ነበር። ስኪመር በሌላ መኪና ጎማ ስትበር ኖራለች ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በ24ኤች2 ላይ የአንዲት የውስጥ ፈንክሽን አሠራር ለወጠ። አዲሱ አሠራር ከዚያ ጊዜያዊ ሚሞሪ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ይጠቀማል። በተረፈው ቁጥር ላይ ሌላ ነገር ተጻፈበት። አለቀ።

እዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ያጠፋው ነገር የለም። ያ ሚሞሪ ሳይነካ ይቆያል ብሎ ለማንም ቃል አልገባም። ስህተቱ ከመጀመሪያውም ጌሙ ውስጥ ነበር፤ የሚያጋልጠው ነገር እስኪመጣ ነው የቆየው። ስለ አንዲት የጌም አውሮፕላን ይህን ያህል ያወራሁት እምቢ የሚሉ የድሮ ፕሮግራሞች የብዙዎቹ ታሪክ በዚህ መልክ ስለሆነ ነው። ፕሮግራሙ ማንም ያልገባለትን ቃል አምኖ ይኖራል። በአጋጣሚ ነገሩ እንደነበረ እስከቀጠለ ድረስ ማንም አያውቅበትም።

ማይክሮሶፍት ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት የሌሎችን ጥፋት ሲሸፍን የኖረውም ለዚህ ነው። ዊንዶውስ 95 በሚሠራበት ጊዜ ሲምሲቲ የተባለው ታዋቂ ጌም አንድ ጉድ ተገኘበት። ጌሙ «ጨርሻለሁ» ብሎ የመለሰውን ሚሞሪ መልሶ ያነብ ነበር። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ዶስ በተባለው ሲስተም ላይ ያ ቦታ ወዲያው ለሌላ ስለማይሰጥ ችግር አልነበረውም። በዊንዶውስ ላይ ግን ሌላ ፕሮግራም ይወስደዋል። የማይክሮሶፍት ሰዎች ምን አደረጉ? ሲምሲቲ መከፈቱን የሚያጣራ ኮድ ዊንዶውሱ ውስጥ ከተቱ። ጌሙ ከተከፈተ ዊንዶውስ የተመለሰውን ሚሞሪ ቶሎ ለሌላ አይሰጥም። ለአንድ ጌም ሲባል!

ይሄ ደግነት አይደለም፤ ንግድ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ገዝቶ የለመደው ፕሮግራም የተበላሸበት ሰው የሚያማርረው ፕሮግራሙን አይደለም። ዊንዶውሱን ነው።

ሽፋኑ ዛሬም አልቀረም። ዊንዶውስ 11 አንድ ፕሮግራም «ስሪትህ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «10.0» ነው የሚለው። ልዩነቱ የሚታወቀው ከስሪቱ ቀጥሎ በሚመጣው፣ ከ22000 በሚጀምረው የቢልድ ቁጥር ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7ም በውስጡ ራሱን 7 ብሎ ጠርቶ አያውቅም፤ 6.1 ነበር የሚለው። ምክንያቱ የፕሮግራመሮች ግዴለሽነት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በውስጡ 5.1 ነበር። ብዙ ሰው ታዲያ «ዋናው ቁጥር ቢያንስ 5፣ ንዑሱ ቢያንስ 1 ከሆነ ቀጥል» ብሎ ጻፈ። ስሜት ይሰጣል። ግን ከኤክስፒ ቀጥሎ ዊንዶውስ ቪስታ 6.0 ሆኖ ሲመጣ ንዑሱ ቁጥር ዜሮ ሆነ፤ ፕሮግራሙም አዲሱን ሲስተም «በጣም አሮጌ ነህ» ብሎ አባረረው።

ብዙ ሰው የሚሞክረው «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ፣ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ስር «ዊንዶውስ ኤክስፒ» ወይም «ዊንዶውስ 7» የሚለውን መምረጥ ነው። ይህን ስናደርግ ውስጥ የተደበቀ እውነተኛ ኤክስፒ ተነስቶ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። ዊንዶውሱ ያው ነው። ለፕሮግራሙ የውሸት የስሪት ቁጥር ይነግረዋል፤ በተጨማሪም በፕሮግራሙና በዊንዶውሱ መካከል ትንንሽ ማስተካከያዎችን ያስገባል። ፕሮግራሙ የተቸገረው በራሱ ግትርነት ከሆነ ይረዳል። የሚፈልገው ነገር ከሲስተሙ ከነጭራሹ ከወጣ ግን በውሸት አይመለስም።

ከወጡት ነገሮች ዋነኛው የ16 ቢት ድጋፍ ነው። (የቢቱ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የዳታ መጠን ያመለክታል፤ 16 የድሮው፣ 32 የመካከሉ፣ 64 የዛሬው ነው።) ለዶስና ለዊንዶውስ 3.1 የተጻፉ ፕሮግራሞች በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይነሱም። የ32 ቢት ዊንዶውስ እስካለ ድረስ ማምለጫ ነበር። ዊንዶውስ 11 ግን በ32 ቢት አይመጣም፤ ያ መንገድ ከዊንዶውስ 10 ጋር ተዘግቷል። የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የወጡ ብዙ ፕሮግራሞች ራሳቸው 32 ቢት ናቸው፤ ዛሬም ሊሠሩ ይችላሉ። ፕሮግራሙን የሚጭነው ኢንስቶለራቸው ነው 16 ቢት የሆነው። ቤቱ ደህና ሆኖ በሩ አልከፈት እንደማለት ነው። ዊንዶውስ ጥቂት የታወቁ ኢንስቶለሮችን ለይቶ በ32 ቢት አቻቸው ይተካቸዋል። ለቀሩት ግን አንዱ ዘዴ ፕሮግራሙን በድሮ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ፎልደሩን እንዳለ መቅዳት ነው። ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ብዙ ነገር የማይጽፍ ፕሮግራም ከሆነ አንዳንዴ ይሳካል።

የሚገርመው፣ ዋይን የተባለው ሶፍትዌር ሊኑክስ በተባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ፣ ያውም በ64 ቢቱ፣ ሆኖ የ16 ቢት የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ማስኬድ ይችላል። ዋይን ከ1993 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ፕሮጀክት ነው፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚጠይቀውን ሁሉ በሊኑክስ መንገድ ይመልስለታል። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 የማያውቃቸውን አንዳንድ የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞች ሊኑክስ ያውቃቸዋል። እንግዲህ ባለቤቱ የረሳውን ጎረቤት ሲያስታውሰው ማለት ነው።

አዲሱ ኮምፒውተር በጣም ፈጣን መሆኑ ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቱርቦ ፓስካል በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፉ የዶስ ፕሮግራሞች ላይ «ረንታይም ኤረር 200» የሚል መልእክት የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ለመለካት 55 ሚሊ ሴኮንድ ያህል እየዞረ ይቆጥራል። ከዚያ የቆጠረውን ለ55 ያካፍላል። መልሱ ከ65,535 ከበለጠ በተዘጋጀለት ቦታ አይገባም፤ ፕሮሰሰሩም «በዜሮ አካፈልክ» እንደተባለ ሰው ደንግጦ ያቆማል። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ያን ያህል የሚፈጥን ኮምፒውተር በቅርቡ ይመጣል ብለው አላሰቡም። እዚህ ላይ መፍትሔው ዶስቦክስ ነው። ዶስቦክስ የድሮውን ኮምፒውተር ከነዝግመቱ አስመስሎ ስለሚሠራ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል። ለዶስ ፕሮግራም ሌላ ነገር ከመፈለግ በፊት እሱን ሞክሩ።

አፕል የመረጠው መንገድ የማይክሮሶፍት ተቃራኒ ነው። በ2006 ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ሲሻገር ሮዜታ የተባለ አስተርጓሚ አቀረበ። በ2011 ላየን በተባለው የማክ ሲስተም አነሳው። በ2019 ካታሊና የተባለው ሲስተም ሲወጣ 32 ቢት ፕሮግራሞች በሙሉ በአንድ ጊዜ ቆሙ። በ2020 ኤም1 ፕሮሰሰር ሲመጣ ሮዜታ 2 ተከተለ። እሱም እስከ ማክኦኤስ 27 ድረስ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ለአንዳንድ የድሮ ጌሞች የሚያገለግል ክፍሉ ብቻ እንደሚቀር ኩባንያው ተናግሯል። ቀድሞ ማስጠንቀቁ ጥሩ ነው። ሲስተሙም ቀለል ብሎ ይኖራል። ግን ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው ሠሪው ዛሬም ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሠሪው የከሰረ ወይም ፊቱን ያዞረ ፕሮግራም ማስጠንቀቂያውን የሚሰማለት የለም። እንደ እኔ እንደ እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ማይክሮሶፍት ከሚገባው በታች ነው የሚመሰገነው። ዊንዶውስ ተዝረክርኳል ብለን የምናማርረው ግማሹ ዝርክርክ የቆየው ለእኛው የድሮ ፕሮግራም ሲባል ነው። ሲስተም32 የሚባለው ፎልደር 64 ቢት ፋይሎችን፣ ሲስዋው64 የሚባለው ደግሞ 32 ቢት ፋይሎችን መያዙ ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች ስሙን በኮዳቸው ውስጥ ስላሰፈሩት ስሙን መቀየር አልተቻለም።

ሊኑክስ በመካከል ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በከርነሉ፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት ላይ የሚያስከብረው ጥብቅ ሕግ አለው፦ የተጠቃሚን ፕሮግራም የሚሰብር ለውጥ አይገባም። ከርነሉ ቃሉን ይጠብቃል። በዙሪያው ያሉት ላይብረሪዎች፣ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው የኮድ ስብስቦች፣ ግን እንደዚያ አይደሉም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2019 የ32 ቢት ፓኬጆችን ሊያወጣ መሆኑን ሲናገር ጌም ተጫዋቾችና የዋይን ሰዎች ጮሁ፤ ውሳኔውም ወዲያው ተለሳለሰ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሲስተሙ ትንሽ ቢተባበር የሚፈታ ነው። ምንም ትብብር የማይፈታው ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ድራይቨር ነው። የ32 ቢት ፕሮግራም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ የ32 ቢት ድራይቨር ግን በፍጹም። ስካነሩ ወይም የላቦራቶሪ መሣሪያው ደህና ነው፣ ፕሮግራሙም ይከፈታል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ግን የለም። የመሣሪያው አምራች አዲስ ድራይቨር ካልጻፈ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢውሉ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው የቅጂ መከላከያ ነው። በ2000ዎቹ በሲዲ የተሸጡ ብዙ ጌሞች ሴፍዲስክ የተባለ መቆለፊያ ነበራቸው። መቆለፊያው የሚሠራው በሲስተሙ እምብርት ውስጥ በሚገባ ድራይቨር ነው። ለደህንነት አስጊ ስለነበር ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲወጣ ድራይቨሩን ሳይዝ መጣ። ውጤቱ ያስቃል፤ ለባለቤቱ ግን አያስቅም። ኦሪጅናል ሲዲውን ከፍሎ የገዛው ሰው ጌሙ አይከፈትለትም። ቁልፉ የተሰበረበትን ቅጂ ያገኘው ይጫወታል።

ሦስተኛው ሰርቨር ነው። አዶቤ ክሪኤቲቭ ስዊት 2 ለተባለው የፕሮግራም ስብስቡ ያቆመውን የአክቲቬሽን፣ ማለትም የግዢ ማረጋገጫ፣ ሰርቨር ሲዘጋ፣ ገዝተው የነበሩት ሰዎች እንደገና መጫን ስለማይችሉ ኩባንያው በ2013 መጀመሪያ ላይ አክቲቬሽን የማይጠይቅ ቅጂ አቀረበላቸው። ጨዋነት ነው። ሁሉም ኩባንያ ግን እንዲህ አያደርግም። ከሰርቨር ፈቃድ እየጠየቀ የሚነሳ ፕሮግራም ዕድሜው ሰርቨሩ እስካለ ድረስ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ምንም አያመጣለትም።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ከላይ ያለው ልዩነት ነው የሚጠቅመው። ፕሮግራሙ ይነሳና መሐል ላይ ይበላሻል? ኮምፓቲቢሊቲ ሞድን ሞክሩ፤ «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውንም። አንዳንዶቹ የሚጎድላቸው ዊንዶውስ ራሱ በአማራጭነት የያዘው ነገር ነው። ዶትኔት 3.5 እና ዳይሬክትፕሌይ «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ ገብቶ ምልክት በማድረግ ብቻ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት አንድ ነገር አለ። የድሮ ፕሮግራሞች ዳታቸውን የሚያስቀምጡት ራሳቸው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ነበር። ከቪስታ ወዲህ ተራ ተጠቃሚ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ መጻፍ አይፈቀድለትም። ፕሮግራሙ እንዳይሰበር ዊንዶውስ ፋይሉን በዝምታ ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል፤ በተጠቃሚው «አፕዳታ» ስር፣ «ሎካል» ውስጥ፣ «ቨርቹዋልስቶር» ወደሚባል ፎልደር። ፕሮግራሙ ግን እዚያው ቤቱ የጻፈ ይመስለዋል። ከዚያ ባለቤቱ ባክአፕ ሲያደርግ የፕሮግራሙን ፎልደር ብቻ ቀድቶ ይሄዳል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው መዝገቡ የዛሬ ስንት ዓመቱ ነው፤ የቅርቡ የለም። አልጠፋም። ቨርቹዋልስቶር ውስጥ ነው። በሌላ የተጠቃሚ አካውንት ሲገባም እንዲሁ ዳታው «ይሰወራል»፤ እያንዳንዱ አካውንት የራሱ ቨርቹዋልስቶር ስላለው። ፕሮግራሙን መጀመሪያውኑ ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» ውጭ መጫን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ፕሮግራሙ ጨርሶ ካልተነሳ፣ ወይም ያለ እሱ ሥራ የሚቆም ከሆነ፣ አስተማማኙ መንገድ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ቨርቹዋልቦክስ ወይም ሃይፐር-ቪ በተባሉ ሶፍትዌሮች ውስጥ የድሮውን ዊንዶውስ ራሱን መጫን ማለት ነው። ይሄ ማስመሰል አይደለም፤ እውነተኛው ኤክስፒ በመስኮት ውስጥ ይሠራል። በቨርቹዋልቦክስ ዩኤስቢ ላይ የሚሰኩ ብዙ መሣሪያዎችንም ወደ ውስጥ አሳልፎ መስጠት ይቻላል፤ የድራይቨሩ ችግር አንዳንዴ በዚህ ይፈታል። በኤም ተከታታይ ፕሮሰሰር የሚሠሩ ማኮች ላይ ግን የፕሮሰሰሩ ዓይነት ስለሚለይ የድሮው ዊንዶውስ ፕሮሰሰሩን ጭምር በማስመሰል (በኢሙሌሽን) ነው የሚሄደው፤ እሱ ደግሞ ይጎተታል።

ቨርቹዋል ማሽኑን ከኢንተርኔት አላቅቁት። ኤክስፒ ድጋፉ የተቋረጠው ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት ለዚያ ለተተወ ሲስተም ጭምር የድንገተኛ ጊዜ ማሻሻያ ለማውጣት ተገዷል። ያኔ ጥፋቱ ሁሉ በኤክስፒ ቢላከክም፣ ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ማሻሻያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶላቸው ያልጫኑት ናቸው። አደጋውን የሚያመጣው ያልተደፈነ ቀዳዳ ከኔትወርክ ጋር መገናኘቱ ነው። ኔትወርክ ካርዱን ማጥፋት በቨርቹዋል ማሽን ሴቲንግ ውስጥ የአንድ ክሊክ ሥራ ነው፤ በቨርቹዋልቦክስ ፋይል ለማመላለስ ሼርድ ፎልደር ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ኢንስቶለሩና የሲሪያል ቁጥሩ በእጅ ካሉ ነው። እነሱን መፈለጊያው ጊዜ የድሮው ኮምፒውተር ገና እየሠራ ሳለ ነው። በዚያው ጊዜ ፕሮግራሙ «ኤክስፖርት» የሚል ነገር እንዳለው እዩ። ሠንጠረዡን በሲኤስቪ፣ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ አውጡና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ቁጥሮቹ ልክ መሆናቸውን አረጋግጡ። ኤክስፖርት ከሌለው ወደ ፋይል የሚያትም ፕሪንተር ጭናችሁ በእሱ አሳትሙ። የድሮው ዲስክ የሚደመሰሰው ከዚያ በኋላ ነው።